ስለ አጭር ርቀት አውሮፕላኖች ምቾትና ስለ ነጂዎቻቸው ድካም

ባለ 50 ወንበሩ የካናዳ ሲአርጄ 200 የውስጡ ከፍታ 1.85 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ረጅም ሰው ሳያጎነብስ አይመላለስበትም። የብራዚሉ ኢ190 ግን 2 ሜትር ከፍታ አለውና ለመንገደኛ ይመቻል። ለኩባንያውም ወንበሩ ከሞላለት ይህኛው ይሻለዋል፤ የሁለቱ ነጂዎች ደመወዝ ለ50 ከሚካፈል ለ100 መንገደኛ ቢካፈል ይቀላልና።

ነገር ግን የነጂ ድካም በወንበር ብዛት አይለካም፤ መንገዱ ባጠረ መጠን በአንድ ቀን መነሣትና ማረፍ ይበዛበታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቡፋሎ አጠገብ ባለ ፕሮፔለር የአጭር ርቀት አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ካለቁ በኋላ፥ በ2014 የጸናው ደንብ ነጂ ከሥራው በፊት 10 ሰዓት እንዲያርፍ አዘዘ።

እኔም ልጆቼን በአየር ስሰድ፥ ከዋጋው መርከስና ከወንበሩ ስፋት ይልቅ የማስበው ነጂው ተኝቶ ማደሩን ነው።