ስቱኮ

መኪና የሌለው አንባቢ ስቱኮ ሲባል የቤት ግድግዳ ትዝ ይለው ይሆናል። አልተሳሳተም፤ የአጎት ልጆች ናቸው። የመኪናው ስቱኮ በጣሳ የሚሸጥ፣ ከትንሽ ማድረቂያ ጋር ተለውሶ በተጎዳ ብረት ላይ የሚለጠፍ ሊጥ መሰል ነገር ነው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ቀለም ይረጭበታል፣ መኪናው ሙሽራ ይመስላል። ጥፋቱ የስቱኮው አይደለም። ብረቱ በመዶሻ ከተቃና በኋላ የቀረችውን የሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ለመሙላት የተሠራ ነገር ነው። የኛ ሰው ግን የመዶሻውንም ሥራ ለሱ ሰጠው።

የኔን ኮሮላ አንድ ሚኒባስ ከኋላ በግራ በኩል ገጫት። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ፕላን ተነሣ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ስለነበረኝ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ኢንሹራንሶቹም እንደ ወጉ ከጋራዦች ፕሮፎርማ ሰብስበው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ሰጡት። ሁለት ሳምንት የተባለው ሁለት ወር ሆነ። አንዴ መብራት የለም፣ አንዴ ቀለም ቀቢው ለቅሶ ሄዷል፣ አንዴ ደግሞ ዕቃ ከሶማሌ ተራ እየተፈለገ ነው። ይሄን የማያውቅ የአዲስ አበባ ባለመኪና ስለሌለ አላሰለቻችሁም።

በመጨረሻ ተጠራሁ። መኪናዋ ጣሪያ ሥር ቆማ ታንጸባርቃለች። «ጋሼ፣ ከአዲስ በምን ትለያለች?» አለኝ የጋራዡ ባለቤት፣ «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የምትለውን ወረቀት ከነእስክሪብቶው እየዘረጋልኝ። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ትውጣልኝ አልኩት። ስትወጣ ጉዱ አብሮ ወጣ። የኋላው በር ወተት፣ ከጎኑ ያለው ፓራፋንጎ እርጎ። በሩም ሁለቴ ሦስቴ ካልገፈተሩት አልዘጋም አለ።

በቀለሙ ብዙም አልፈረድኩም። የቶዮታ ነጭ 040 የሚባል ቁጥር አለው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ፀሐይ የበላው 040 ዛሬ ከጣሳ ከወጣው 040 ጋር አንድ አይሆንም። ጎበዝ ቀለም ቀቢ በዓይኑ እየለካ፣ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ ነው የሚያስማማው። ያልጣመኝ የበሩ ነገር ነው።

ኪሴ ውስጥ ከፍሪጅ በር ላይ ያነሣኋት ትንሽ ማግኔት ነበረች። (አሮጌ መኪና የምትገዙ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከደላላ ምላስ ትበልጣለች።) ማግኔት ብረት ይወዳል፣ ስቱኮ አይወድም። የፊተኛው ፓራፋንጎ ላይ ሳስጠጋት ልጥፍ አለች። የኋላው ላይ ሳስጠጋት ተንሸራታ መሬት ወደቀች። ከፍ አደረግኋት፣ ወደቀች። ወደ ጎማው ዝቅ አደረግኋት፣ ወደቀች። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል፤ አንዱ ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ባለቤቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? በዚህ ዋጋ ይሄም ጽድቅ ነው።»

ይቺ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም፤ ምክንያቱም ሰውየው አልዋሸም። ብረት ማቃናት ቀናት የሚፈጅ የእጅ ሥራ ነው። ስቱኮ ጠዋት ተለጥፎ ከሰዓት ይፈገፈጋል። ያነሰ ዋጋ የጻፈ ያሸንፋል ከተባለ፣ በመዶሻ የሚሠራው ከለጣፊው ጋር እንዴት ብሎ ይወዳደር? ፕሮፎርማው ላይ ሁለቱም «ይቀናል፣ ይቀባል» ብለው ነው የሚጽፉት። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ የሚለዩት ከቀለሙ ሥር ነው፣ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ማንም አያይም። ቢሆንም ለባለ ጋራዡ አላዘንኩለትም። ዋጋውን የጻፈው ራሱ ነው፣ ማኅተም ያሳረፈበትም ራሱ ነው። «በዚህ ብር አይቀናም» ማለት ማንን ገደለ?

አልፈረምኩም። የኢንሹራንሱ ኢንጂነር ተጠርቶ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ «አይቼ አጽድቄው ነበር እኮ» አለ። ማግኔቷን ሰጠሁት። እሱም ጣላት፣ አነሣት፣ ጣላት። ከዚያ «ፋቁት» ብሎ አዘዘ። ሲፋቅ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ እንደ ደረቀ ዳቦ እየተቆረሰ ወረደ። ከሥሩ ብረቱ ሚኒባሱ እንደተወው ነው፤ ጎድጉዷል። ለመጎተት ብለው በድሪል የበሱት ቀዳዳም ሳይበየድ ተከፍቶ ቀርቷል። በዚያ በኩል እርጥበት ይገባል፣ ስቱኮው ውኃ ይመጣል፣ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። በዓመት በሁለት ዓመት ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ይቋጥራል። በሩ አልዘጋ ያለውም የሚገጥምበት ምሰሶ ገባ ብሎ ስለነበር ነው። ምሰሶው ደግሞ ሌላ ግጭት ሲመጣ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ከሚከልሉት ብረቶች አንዱ ነው።

ጎረቤቴ ይሄን ሁሉ ሰምቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምን አደከመህ፣ ታንጸባርቅ አልነበር? ቦሎ አላት፣ ሳትፋቅ መሸጥ ነበር!» ክፉ ሰው አይደለም፤ የከተማውን ብልሃት ነው የነገረኝ። ግን ማን ይገዛት ነበር? ስንት ዓመት ዕቁብ የጣለ አስተማሪ ወይም ነርስ ነዋ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ኮሮላ እንደ ርስት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ንብረት ሆኗል። የኔን ስቱኮ ያ ሰው ልጆቹን ጭኖበት ሊዞር ነው።

ሥራው ወደ ሌላ ጋራዥ ተዛወረ፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ ባጥላሜራ አገኘሁ። ቃሉ እንደ ፓራፋንጎውና እንደ ፍሬቻው ጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙም ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ሰውየው እንደ ስሙ ነበር። ከውስጥ ድቡልቡል ብረት ይደግፋል፣ ከውጭ በመዶሻ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ደግሞ መዳፉን ከጨርቅ ሥር አድርጎ ብረቱን ይዳስሳል። ለምን በጨርቅ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ባዶ እጅ ይይዛል ልጄ፤ ጨርቁ ሲንሸራተት እብጠቷን ትሰማታለህ» አሉኝ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። ምሰሶውን ለመሳብ ብቻ አንድ ቀን ተኩል ፈጀባቸው። ስቱኮ አልተጠቀሙም አልልም፤ ተጠቅመዋል፣ እንደ እንጀራ ምጣድ አሰሳ በስሱ። ስንት ተማሪ አስተምረዋል ብላቸው «ሁለት ነበሩኝ፤ ቀለም ይሻላል ብለው ሄዱ» አሉኝ።

በሩ አሁን በአንድ እጅ ይዘጋል። ነጩ አሁንም ትንሽ ይለያል፤ ተውኩት። የሁለተኛውን ሥራ ሂሳብ ኢንሹራንሱ ከመጀመሪያው ጋራዥ ክፍያ ላይ ቀንሶ ሸፈነው፤ ያልበቃውን ከኪሴ ጨመርኩ። ያ ጋራዥስ ምን ሆነ ብዬ ኢንጂነሩን ጠይቄው ነበር። «ባለፈው ሳምንት ሁለት መኪና አሸንፏል» አለኝ። ርክክብ ላይ ማግኔት ይያዝ የሚል ሐሳብ ለአለቆቹ ጽፎ እንደነበረም ነገረኝ፤ መልስ እየጠበቀ ነው።