አያቴ «ጁ» ይሉ ነበር

አያቴ ቼዝ ሲያስተምሩኝ ፈረሱን «ማ»፣ ግንቡን «ጁ» ይሉት ነበር። ንጉሤን ሲያስጨንቁት ደግሞ «ጃንግ ጁን!» ብለው ጠረጴዛውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉታል። ቃላቱ ኮሪያኛ ናቸው ብሎ የነገረኝ የለም፤ ግን ሌላ ምን ሊሆኑ ይችላሉ? አያቴ በኮሪያ ጦርነት የቃኘው ሻለቃ ዘማች ናቸው። በ1951 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥተው ፑሳን ከወረዱት መካከል ነበሩ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጽፈው የቼዙ ሳጥን ምስጢር የተፈታው በዚያ ስለሆነ ነው።) የቼዙ ሳጥን ብፌው ላይ፣ ከሜዳሊያቸውና ከወታደርነት ፎቶግራፋቸው ጎን ተቀምጦ ኖሯል። በቤታችን ታሪኩ ያለቀለት ነበር፦ ኮሪያ ላይ ከቻይና ወታደር የተማረከ ዕቃ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አጎቴ እንዲህ እያለ ያሳያል፤ አያቴ አጠገቡ ተቀምጠው ዝም ይላሉ።

ያ ዝምታ ትዝ ያለኝ ካረፉ በኋላ ነው። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ታሪኩን ከራሳቸው አፍ የሰማ አንድም ሰው አልተገኘም።

ፍለጋው የተጀመረው ግን በዚህ ምክንያት አልነበረም፤ በገንዘብ ነው። የአክስቴ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። አጎቴ ሳጥኑን ፒያሳ ያለ የዱሮ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ወስዶት «የዝሆን ጥርስ ነው፣ ብዙ ያወጣል» ተብሎ ተመለሰ። እኔ ላጣራው ብዬ ወሰድኩት።

ሳጥኑ ሲዘረጋ ሰሌዳ ይሆናል። በውስጡ የደበዘዘ ቢጫ ሐር ለብሶ 32 ጠጠር ይይዛል፤ ግማሹ እንደ ወተት ነጭ፣ ግማሹ የቀይ ሥር ቀለም ያለው። ንጉሡ ፂሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ካባው መሬት የሚጠርግ ሽማግሌ ነው። ግንቡ ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተደራረበበት የቻይና ግንብ ነው። ከቀዮቹ ስምንት ወታደሮች ሰባቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ስምንተኛው ግን ከወይራ እንጨት የተቀረጸ፣ ፊቱ በሰንጢ ሁለት ጭረት ብቻ የተሰጠው፣ ከጓደኞቹ በጣት ውፍረት የሚያጥር ነው። ልጅ ሳለሁ የምወደው እሱን ነበር።

ከአንድ የሰዓት ጠጋኝ ማጉያ መነጽር ተዋስኩና የንጉሡን መቀመጫ ገልብጬ አየሁት። የዝሆን ጥርስ በአግድም ሲቆረጥ ገጹ ላይ እንደ መረብ የሚጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። በእኛ ንጉሥ ላይ መረብ የለም፤ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጥቦች አሉ። እነዚያ የደም ሥር መተላለፊያዎች ናቸው፤ ያላቸው አጥንት ነው። ወገቡ ላይ ደግሞ የመጋጠሚያ መስመር አለ። የከብት እግር አጥንት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከአንድ ወጥ ቁራጭ ትልቅ ምስል አይወጣበትም፤ በየክፍሉ ተቀርጾ ይገጣጠማል። አጎቴ አዘነ። እኔ ደስ አለኝ፤ ኢትዮጵያ በ2015 አዲስ አበባ ላይ ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ ያቃጠለችው ንግዱን ለማውገዝ ነውና እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታችን አለ ማለት ይከብደኝ ነበር።

ስለ ዋጋው ከዚህ በላይ ብዙ የሚባል የለም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካንቶን ጠራቢዎች ለእንግሊዝ ነጋዴዎች ከዝሆን ጥርስ ይሠሯቸው የነበሩት፣ ኳስ በኳስ ውስጥ በተፈለፈለ መቆሚያ ላይ የቆሙት ቼዞች ውድ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለጎብኚ የተሠራ የአጥንት ቼዝ፣ ያውም አንድ ጠጠሩ የጎደለ፣ ቢበዛ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ለጣሪያ አይበቃም።

እዚህ ላይ መተው ይቻል ነበር። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ቻይናዎች በራሳቸው ቼዝ የሚጫወቱት በምስል አይደለም። ጠጠሮቻቸው ስማቸው የተጻፈባቸው ጠፍጣፋ ክቦች ናቸው፤ የሚቆሙትም በሰሌዳው ካሬዎች ውስጥ ሳይሆን ዘጠኝ በአሥር ሆነው በሚሻገሩት መስመሮች ላይ ነው፤ በመካከል ወንዝ አለ። እንደኛው ያለ ባለ ምስል ቼዝ የሚሠራው ለውጭ ሰው ነው። በኮሪያ ተራራ ምሽግ ውስጥ የነበረ የቻይና ወታደር የፈረንጅ ቼዝ በሐር ሳጥን ተሸክሞ ምን ሊያደርግ?

ሐሩ ጥግ ላይ ተላቆ ነበር። ከሥሩ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ፤ የጠጠሮቹ ሥዕል፣ ከጎናቸው የቻይና ጽሕፈት። አዲስ አበባ ውስጥ ቻይንኛ ለምታስተምር ወጣት አሳየኋት። ጣቷን ፈረሱ ላይ አሳርፋ «ይህ ማ ነው» ስትል ጸጉሬ ቆመ።

«በድሮው አጻጻፍ ማ ከሥሩ አራት ነጥብ ነበረው፣ እንደ አራት እግር» አለችኝና ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። «እዚህ ግን አራቱ ነጥቦች አንድ ሰረዝ ሆነዋል። መንግሥት ጽሕፈቱን ማቅለል የጀመረው በ1956 ነው።» አያቴ ከኮሪያ የተመለሱት በ1952 ነው። ተኩስ የቆመውም በ1953።

ቢሆንም ቃላቱ አሉ ብዬ ተከራከርኩ። ኮሪያዊ ወዳጅ ነበረኝና ደወልኩለት። «ማ እኛም ጋ አለ» አለኝ። «ጃንግ ጁን የምትለውም ከእኛ ጃንጉን ጋር ይቀራረባል። ጁ ግን የእኛ አይደለም። ሠረገላውን እኛ ቻ ነው የምንለው። ጁ የሚሉት ቻይናዎች ናቸው።» የቤተሰቤ ታሪክ የወደቀው በዚያች አንዲት ፊደል ነው። አያቴ ጨዋታውን የተማሩት ከቻይናዊ አፍ ነው፤ ከሞተ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ካስተማራቸው ሰው።

አክስቴ ሌላ ሐሳብ ነበራት። ጃንሆይ በ1971 ቻይና ሄደው ማኦን ሲያገኙ አብሯቸው ከነበረ ሰው የተገኘ ስጦታ ይሆናል አለች። እሱንም ሳጥኑ ራሱ መለሰው። በክዳኑ ውስጠኛ ጥግ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ወረቀት ተለጥፋ ነበር፤ በላቲን ፊደል የከተማ ስም ታትሞባታል፦ ቤጂንግ። በጃንሆይ ጊዜ ጋዜጣውም ሬዲዮውም የሚለው ፔኪንግ ነበር። ቻይና ለውጭ አገር የሚጻፉ የቦታ ስሞች በአዲሱ አጻጻፍ እንዲሆኑ የወሰነችው ከጥር 1979 ጀምሮ ነው። ሳጥኑ ከዚያ በፊት የተሠራ አይመስልም።

አያቴ በዚያን ጊዜ የት ነበሩ? አክስቴ ወዲያው አወቀችው። «የቻይና መንገድ ላይ ነበሩ እኮ!»

ወልዲያን ከወረታ የሚያገናኘውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ በጋሸና፣ በንፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ የሚያልፈውን፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን ሠርተውታል። ያገሩ ሰው ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። አያቴ በጦሩ ውስጥ መንዳት ተምረው ስለነበር እዚያ የገልባጭ መኪና ሾፌር ሆነው ሠርተዋል። ከቤት ርቀው የቆዩባቸው ዓመታት ስለሆኑ ማንም አያወራቸውም ነበር።

አብረዋቸው ከነዱት አንዱን ኮተቤ፣ ልጃቸው ቤት አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ሳጥኑን ከፍቼ ጠጠሮቹን በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ንጉሡን ዳበሱት፣ ግንቡን ዳበሱት፣ ምንም አላሉም። የወይራውን ወታደር ሲነኩ ግን ሳቁ።

«ይቺን አውቃታለሁ። ጋሸና ላይ ነው የጠፋችው፣ ጭቃ በላት። አያትህ ያን ሌሊት በሰንጢ ሲቀርጽ አደረ። ጠዋት ቻይናው ሲያያት አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።»

«ማን ነበር ቻይናው፣ አባቴ?»

«ቀያሽ ነበር። ቀጭን፣ መነጽር ያለው። ስሙ አፋችን ላይ አይገባም፤ ኢንጂነር እንለው ነበር። አያትህ መጀመሪያ ሰላምታም አይሰጣቸውም ነበር፤ የተዋጋ ሰው አይደለም? ኋላ ግን ማታ ማታ ከፋኖሱ ሥር ሁለቱን ማን ይለያቸዋል! ሊሄድ ሲል ትቶለት ሄደ።»

«ታዲያ ለእኛ ለምን አልነገሩንም?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ደርግ ከሞስኮ ጋር ነው። ቻይና በሱማሌ ጦርነት ለሱማሌ አግዛለች እየተባለ ነው። ከቻይና ሰው ስጦታ ተቀበልኩ ብሎ የሚያወራ ማን ነው? ኮሪያ ዘምቷል፤ የኮሪያ ነው ቢሉት ዝም አለ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም።»

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሊነግሩን ይችሉ ነበር። ምናልባት ያኔ የምርኮው ታሪክ በልጆቻቸው አፍ ጸንቶ ነበርና ማፍረስ ከበዳቸው። አጎቴን እየሰሙ ዝም ያሉባቸውን ቀኖች ሳስብ፣ ማንንም ከማሳፈር ይልቅ የወዳጃቸውን ነገር በሆዳቸው ይዘው መኖርን የመረጡ ይመስለኛል። እኔን «ጁ» እያሉ ሲያስተምሩኝ ግን ነግረውኛል፤ ያልሰማሁ እኔ ነኝ።

ቼዙ አልተሸጠም። ጣሪያው በቤተሰቡ መዋጮ ተጠግኗል። አጎቴ ሳጥኑን ከሜዳሊያው ጎን አንሥቶ ለብቻው አስቀምጦታል፤ እንግዳ ሲመጣም እንደ አዲስ ታሪኩን ከጋሸና ይጀምራል።

የቀያሹን ስም ግን አላገኘሁም። በወልዲያና በወረታ መካከል በዚያ ሥራ ላይ የነበራችሁ፣ ወይም አባት እናታችሁ የነበሩ፣ ማታ ማታ ከአንድ የገልባጭ ሾፌር ጋር ቼዝ የሚጫወት ባለ መነጽር ቀያሽ ታስታውሱ እንደሆነ እባካችሁ ጻፉልኝ። በፎቶግራፍም ቢሆን የወይራውን ወታደር ልልክለት፣ እሱ ከሌለም ለልጆቹ ላደርስ እፈልጋለሁ።