የሁለት ሰው ዝርዝር

የዶክትሬት ጥናቴ ስለ ምን እንደሆነ ስጠየቅ «ኢኮኖሚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ነው» እላለሁ። ጠያቂዬም «ጎበዝ!» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ባለቤቴ ግን አንድ ምሽት እራት ላይ «እስኪ በደንብ አስረዳኝ» አለችኝ።

እንዲህ አልኳት፦ በዋጋ ብቻ የማይደላደሉ ነገሮች አሉ። ሐኪም የሚሠለጥንበትን ሆስፒታል በገንዘብ አይገዛም፤ ይመርጣል፣ ደግሞም መመረጥ አለበት። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ ምሁራን በ1962 እ.ኤ.አ. ለዚህ መላ አገኙ፤ አንዱ ምሳሌያቸውም ጋብቻ ነበር። ወንዶቹ ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫቸውን ይጠይቃሉ። እያንዳንዷ ሴት ከጠየቋት መካከል የተሻለውን ታቆየዋለች እንጂ ወዲያው «እሺ» አትለውም፤ ሌሎቹን ትመልሳለች። የተመለሰውም ወደሚቀጥለው ምርጫው ይሄዳል። የሚመለስ ሲጠፋ ድልድሉ ይጸናል፤ የደረሳቸውን ትተው እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች አይገኙምና። እዚህ በምንኖርበት በአሜሪካም አዳዲስ ሐኪሞች ለሥልጠና የሚመደቡት በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው፤ የሚሠራውም በኮምፒውተር ነው።

ባለቤቴ ጥቂት አሰበችና «ሁለቱም ሐኪሞች የሆኑ ባልና ሚስት ቢመጡስ?» አለችኝ።

ደነገጥሁ። የእኔ ጥናት እሱው ነበር! ባል ቦስተን፣ ሚስት ቺካጎ ቢደርሳቸው ምን ይረባቸዋል? ኢኮኖሚስቱ አልቪን ሮት በ1984 እንዳሳየው፣ ባለትዳሮች ሲገቡበት የሚጸና ድልድል ጭራሽ ላይኖር ይችላል። በ1998 ሮትና ኤሊየት ፔራንሰን ጥንዶችን በተሻለ የሚያስተናግድ ስሌት አዘጋጅተው ሥራ ላይ ዋለ። ሮትና ሻፕሊ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አብረው መመደብ የሚፈልጉ ጥንዶች በእያንዳንዱ የምርጫ መስመር ላይ ሁለት ቦታ ይጽፋሉ፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ።

«የእኛስ ዝርዝር የታለ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ስመረቅ ሥራ የምፈልግባቸውን ከተሞች በቅደም ተከተል ጽፌ ጨርሻለሁ። እሷ ነርስ ናት፤ የት መሥራት እንደምትወድ አልጠየቅኋትም። ስለ ጥንዶች ለዓመታት ሳጠና የገዛ ሚስቴን ረስቻለሁ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። አዲስ ወረቀት አምጥተን መሐሉን በመስመር ከፈልነው። ሦስት ምሽት ፈጀብን፤ ተከራከርን፣ አንድ ጊዜም ተኮራረፍን። የእኔ አንደኛ ከተማ አራተኛ ወረደች። በእኔ ዝርዝር ያልነበረች ከተማ አንደኛ ወጣች።

ውድ አንባቢያን፣ በእናንተስ ቤት ዝርዝሩን የሚጽፈው ማን ነው? አንዱ ጽፎ ሌላው የሚፈርም ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አዲስ ወረቀት አውጡ።