ማጅራት መቺ

ማጅራት መቺ የሚለው ስም የወንጀሉን አሠራር በሁለት ቃል ይናገራል፦ ጥቃቱ ከኋላ ነው፣ ዒላማውም አንገት ነው። ኪስ አውላቂ ባለንብረቱ ሳይነቃ መሰወር ይፈልጋል፤ ማጅራት መቺ ግን ሰውየውን ጥሎ ነው የሚወስደው። መከላከያቸውም አይመሳሰልም።

ቀን ቀን የአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ የኪስ አውላቂው ነው። የየካቲት 12 ሐውልት አደባባይ፣ የታክሲው ሰልፍ፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከየካቲት 12 ሆስፒታል የሚወጣው ሕዝብ መጋፋትን ተራ ነገር ያደርገዋል። አንዱ መንገድ ይዘጋል፤ ሌላው የሶፍትና የማስቲካ ካርቶን ደረት ላይ አስጠግቶ እጁን ከሥር ይሰዳል፤ ሦስተኛው ዕቃውን ተቀብሎ ይሄዳል። ተጠርጣሪው ሲፈተሽ ኪሱ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሞተር ላይ ሆኖ ቦርሳና ስልክ መንጠቅም በርክቶ ስለነበር፣ ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት እስከ ማገድ ደርሳ ነበር።

ሲመሽ ነገሩ ይለወጣል። የዩኒቨርሲቲው ግቢ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የቤተ መንግሥት አጥር ደግሞ ረጅም ነው። ሱቅ የለውም፣ በሩ ጥቂት ነው፣ ቢጮኹ ብቅ የሚል ጎረቤት የለም። መብራት በጠፋበት ምሽት ቢዞርም ሱቆች ክፍት በሆኑበት በኩል መሄድ፣ ማዳመጫን ከጆሮ ማውለቅ፣ ከኋላ የሚፈጥን ኮቴ ሲሰማ ዞር ብሎ ፊት ለፊት ማየት ከማንኛውም የቴኳንዶ ቀበቶ ይበልጣል። ማጅራት መቺ የታየ ዕለት ግማሽ ሥራው ተበላሽቷል።

ክንድ አንገት ላይ ከተጠመጠመ ጊዜ የለም። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች በሁለቱም በኩል ከታፈኑ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መምታት ሳይሆን መተንፈሻ ማግኘት ነው፦ አገጭን ወደ አጥቂው ክርን መታጠፊያ አዙሮ መቅበር፣ በሁለት እጅ ክንዱን ወደ ታች መሳብ፣ እንደተላቀቁ መሮጥ። ስለት ከታየ ግን ስልኩን መስጠት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስንም ሆነ ሌላውን ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከል እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ ጥቃቱ የተጀመረ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ መከላከሉም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። አንቀጽ 79 መጠኑን ያለፈ ሰው ቅጣቱ እንደሚቀልለት፣ ያለፈውም ይቅር በሚያሰኝ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣው እንደሚችል ይናገራል።

ሕዝብ በሚበዛበት፣ እንደ ፒያሳ ባለ ሰፈር፣ ትልቁ መሣሪያ «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸት ነው። መንገደኛውን ሁሉ ያሯሩጣል፤ ችግሩም እዚያው ነው። የተያዘውን መሬት ላይ የሚረግጠው ሰው ሕጋዊ መከላከል ላይ አይደለም፤ ጥቃቱ ቆሟልና። ያ ድብደባ ነው፤ አንዳንዴም ነፍስ ማጥፋት፣ ያውም ምናልባት የሰረቀው ሌላ ሆኖ ሳለ።

ዛሬ የተነጠቀ ስልክ ቴሌብርንም ይዞ ይሄዳልና ፈጥኖ መደወል ነው፦ የፖሊስ ቁጥር 991 ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድ የሚዘጋበት ደግሞ 994። በ*#06# የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ግን ስልኩ በእጅ ሳለ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ፣ ጣቢያ ሲጠየቅ ማግኘቱ ያስቸግራል።