ካሜራ መለወጥ ይገባልን?

ባለፈው ጥር ከባለቤቴ ጋራ ወደ ላሊበላ ሄድን። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቆሜ በቀትር ባነሣሁት ጊዜ፥ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለው የመስቀል ቅርጹ እጅግ አምሮ ወጣ። በቤተ ማርያም ውስጥ ግን ብርሃኑ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በቅስቶቹ ላይ ያሉት ሥዕሎች ደብዝዘው ታዩ። በፍላሽ ማንሣትም ጸሎተኛውን የሚያውክ ነውና ተውሁት።

ማታ በማደሪያችን፥ ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራ ልግዛ ብዬ ባለቤቴን አማከርኋት። የእኔው ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ሲሆን፥ ትልቁ 36 በ24 ነው፤ ስለዚህ 2.3 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ነገር ግን ሌንሶቼ ትልቁን ሴንሰር እስከ ዳር ስለማይሸፍኑ፥ እነርሱንም መለወጥ ግድ ይሆናል።

እርሷም፥ «ጉድለቱ ከካሜራው ነውን ወይስ ከሌንሱ?» አለችኝ። ባሰላው፥ የሌንሴ ቀዳዳ ቍጥር 3.5 ነው፤ 1.8 የሆነ ሌንስ ቢተካ ወደ 4 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ ዋጋውም ከካሜራው እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሌንሱን ብቻ ገዛሁ። በተረፈውም ገንዘብ፥ ላሊበላን ለማየት ዘመናቸውን ሁሉ ሲመኙ የኖሩትን እናቴን ለሚመጣው ገና ልንወስዳቸው ቈረጥን።