ያለ ኢቃማ መኖርና የአእምሮ ጤና

የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) ሳይኖረው በሰው አገር የሚኖር ስደተኛ የአእምሮ ጤና በሁለት አቅጣጫ ይጎዳል። አንደኛው በመንገድ ላይ የሚደርስበት መከራ ነው። ሁለተኛው ካሰበበት ከደረሰ በኋላ በየቀኑ አብሮት የሚውልና የሚያድር ፍርሃት ነው። የመንገዱን መከራ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ፍርሃቱ ግን እንደ ኑሮ ግዴታ እንጂ እንደ ሕመም ምክንያት አይታይም። በሳዑዲ ዓረቢያ ያለ ኢቃማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሕይወት ሁለቱ ጉዳቶች እንዴት እንደሚደራረቡ ያሳያል።

ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲ፣ ከጅማና ከሐረርጌ የሚነሱ ወጣቶች በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በሶማሊያ ቦሳሶ በኩል በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ከዚያ ጦርነት ያደቀቀውን አገር አቋርጠው በሰዓዳ በኩል ወደ ጂዛን ያቀናሉ። በየመን ብዙዎች በአጋቾች እጅ ይወድቃሉ። አጋቹ ለታጋቹ ቤተሰብ ስልክ ደውሎ ልጁን እየደበደበ ጩኸቱን ያሰማል፤ እናትም ማስለቀቂያውን ለመክፈል በሬ ትሸጣለች፣ በወለድ ትበደራለች። ድንበሩም ሌላ ሞት አለው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ከዚህ ሁሉ በሕይወት የወጣ ሰው ለወራት ቅዠት ቢያስጨንቀው፣ የበር ድምፅ ቢያስበረግገው፣ ያየውን የሚያስታውሰውን ነገር ሁሉ ቢሸሽ የሚያስገርም አይደለም። ባለሙያዎች ይህን ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ይሉታል።

ሁሉም በባሕር የሄዱ አይደሉም። በሕጋዊ ቪዛ ገብተው ኋላ ወረቀት አልባ የሚሆኑም አሉ። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛው የመኖር መብት «ከፊል» ከሚባል አንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ሲከለከላት ወይም ስትደበደብ ከቤት ብትወጣ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ይቀራል። አሠሪዋም «ጠፍታለች» ብሎ ካመለከተ «ሁሩብ» (ከሥራ መጥፋት) ይመዘገብባትና በአንድ ቀን ሕገ ወጥ ትሆናለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በማርች 2021 ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ተግባራዊ ስታደርግ የቤት ሠራተኞች አልተካተቱበትም። ስለዚህ ለብዙ ሴቶች ምርጫው በደል ችሎ መቆየት ወይም ጠፍቶ በድብቅ መሥራት ሆነ።

ጠፍቶ የሚሠራ ሰው ኑሮ ከውጭ ሲታይ ጸጥ ያለ ነው። በአንዲት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ተነጣጥፎ ብዙ ሰው ያድራል። ማታ መብራት ቶሎ ይጠፋል፤ በር ሲንኳኳ ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ወደ ሥራ የሚኬደው ሹርጣ (ፖሊስ) የማይቆምበት መንገድ ተመርጦ ነው። የጥርስ ሕመም በማስታገሻ ይታለፋል፤ ምጥ እንኳ በቤት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ ሐኪም ቤት ኢቃማ ይጠየቃልና። አሠሪ ደመወዝ ቢበላ የሚከሰስበት ቦታ የለም፤ ቀድሞ የሚያዘው ከሳሹ ራሱ ነውና።

የሰው አካል አደጋ ሲገጥመው እንዲነቃ ሆኖ ተሠርቷል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። አደጋው ሲያልፍ አካሉ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ወረቀት ለሌለው ሰው ግን አደጋው አያልፍም፤ አካሉም ለዓመታት እንደነቃ ይቆያል። ውጤቱ መጀመሪያ የሚታየው በአካል ነው። ራስ ምታት፣ የጨጓራ ቃጠሎ፣ የደረት መጨነቅና እንቅልፍ ማጣት ይመጣሉ። ቀጥሎ ቁጣ፣ ተስፋ መቁረጥና ራስን ከሰው ማግለል ይከተላሉ። በጣም ሲከፋ ድብርት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ አንዳንዴም ከእውነታ መውጣት ይደርሳል።

የባርሴሎናው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆሴባ አቾቴጊ ይህን ሁኔታ «የኡሊሲስ ሲንድረም» ብሎታል። ስሙ ከአገሩ ርቆ ለዓመታት ከተንከራተተው የጥንት ግሪኮች ጀግና የተወሰደ ነው። የአቾቴጊ ዋና ሐሳብ እነዚህ ስደተኞች ከመነሻው የአእምሮ ሕመምተኞች አይደሉም የሚል ነው፤ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ጭንቀት የተሸከሙ ጤነኞች ናቸው። ጭንቀቱ ካልተቃለለ ግን ወደ ሕመም ይለወጣል።

ወረቀት ብቻውን ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በልጅነታቸው ወደ አገሪቱ ለገቡ ወረቀት አልባ ወጣቶች ከመባረር ጊዜያዊ ከለላ የሚሰጠው ዳካ በ2012 ተጀመረ። ተመራማሪዎች በኦሪገን ግዛት ከለላውን ለማግኘት መስፈርቱን የሚያሟሉ እናቶችን ልጆች ተከታትለው በ2017 ውጤቱን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ከጭንቀትና ከሁኔታዎች ጋር ካለመላመድ የሚመጣ የአእምሮ ችግር የተገኘባቸው ልጆች ድርሻ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ልጆቹ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ የሚባረሩት እነሱ አልነበሩም። የእናት ፍርሃት ሲቀንስ የልጅ ጤና ተሻሻለ።

በኢትዮጵያውያኑ ላይ ጭንቀቱን የሚያባብሱ ሌሎች ሸክሞች አሉ። አንዱ ዕዳ ነው። የደላላውንና የማስለቀቂያውን ገንዘብ የተበደረ ቤተሰብ ሐዋላ ይጠብቃል፤ ያልላከ ልጅ ከአገር ቤት የሚመጣውን ስልክ ማንሳት ይፈራል። ሌላው ዝምታ ነው። ስልክ የሚያነሳው «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ እናትም እውነቱን አትሰማም። ሁለቱ ወገኖች ተደባብቀው ይኖራሉ፤ ስደተኛውም ጭንቀቱን የሚያካፍለው ሰው ያጣል።

በመጨረሻ መያዝ ይመጣል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ ባካሄደችው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ በ2017 የተጀመረው ሌላ ዘመቻ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን መልሷል። ተርሂል (የተባራሪዎች ማቆያ) ውስጥ ተጨናንቆ መታሰርና መቼ እንደሚወጣ አለማወቅ በመንገዱ የደረሰውን ቁስል ይቀሰቅሳል። ተስፋ መቁረጡ እስከ ሞት እንደሚያደርስ ደግሞ ሊባኖስ ምስክር ናት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 እንደዘገበው፣ ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች በዚያ ሞተዋል፤ ከእነዚህ 40ዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ ኤምባሲዎች መዝግበዋል።

ቦሌ መድረስ ፍርሃቱን ይገታል እንጂ ሕመሙን አያጠፋም። ተመላሹ ባዶ እጁን ነው፤ ዕዳው ግን ቀድሞት ደርሷል። ሠፈሩ «ምን ይዞ መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። አእምሯቸው ታውኮ የተመለሱ ሴቶች «አብዳ መጣች» ተብለው ይሸሸጋሉ፤ ሕክምናም ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። ብዙዎችም ኀፍረቱን ሸሽተው መልሰው ባሕሩን ያቋርጣሉ።

እርዳታው እንደ ጉዳቱ ደረጃ ይለያል። ለአብዛኛው ሰው ደኅንነት፣ እንቅልፍ፣ የሚሰማ ሰውና የገቢ መንገድ ግማሽ ሕክምና ነው። ቀጥሎ ያለው ሠልጥኖ በሚያዳምጥ ሰው የሚሰጥ ምክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የተባለው ዘዴ በአምስት ክፍለ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ ጭንቀትን ማርገብ፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትና ከሰው ጋር መቀላቀልን ያስተምራል፤ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰውም ይሰጠዋል። እንቅልፍና ምግብ ያቆመ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ግን ጤና ጣቢያ ወይም እንደ አማኑኤል ያለ የአእምሮ ሆስፒታል በፍጥነት መድረስ አለበት። ጠበልም ሆነ ዱዓ መድኃኒት ከመውሰድ ጋር አይጋጭም፤ የሚጎዳው መድኃኒቱን ማቋረጥና ሰውን በሰንሰለት ማሰር ነው። ቤተሰብም «መቼ ትልካለህ?» ከማለቱ በፊት «እንቅልፍ ትተኛለህ?» ብሎ ቢጠይቅ የብዙ ወራት ዝምታ ይከፈታል።

ሕክምና ብቻውን ግን መንስኤውን አይነካም። በ1990 የወጣው የስደተኛ ሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸው መብት ስምምነት በአንቀጽ 28 ወረቀት ያለውም የሌለውም ስደተኛ አስቸኳይ ሕክምና እንዳይከለከል ይደነግጋል። ስምምነቱን ያጸደቀ አንድም የባሕረ ሰላጤው አገር የለም። ሰውን በአንድ አሠሪ መዳፍ ውስጥ የሚያስገባው ሥርዓት ካልተለወጠ፣ ሐኪም ቤት ወረቀት ሳይጠይቅ ካልተቀበለ፣ አገር ቤትም ተመላሹን ከዕዳና ከኀፍረት ካላሳረፈ፣ በሕክምና የሚድነውን ያህል ሌላ ሰው መታመሙ አይቀርም።