ሪትራይን መደጋገም ምን ይፈይዳል?

«አፕዴቱ እምቢ ካለ ተወው፤ ኮምፒውተሩ እንደሆነ ይሠራል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ለንደን ግን የዚህን ዋጋ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 አይታዋለች፤ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የባርትስ ሆስፒታሎችን ኮምፒውተሮች ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር።

«ሞክሬያለሁ፣ አልጫን ያለው እሱ ነው» የሚለው መከራከሪያ ግን እውነት አለው። በጃንዋሪ 2024 የወጣ አንድ የዊንዶውስ 10 አፕዴት በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ደጋግሞ የወደቀው፣ በዲስኩ ላይ ያለው የሪከቨሪ ክፍል (ፓርቲሽን) የሚፈለገው 250 ሜጋባይት ክፍት ቦታ ስላልነበረው ነው። ሪትራይን መቶ ጊዜ ቢጫኑት ቦታ አይፈጥርም (የስህተት መልእክቱም ይህን በግልጽ አይናገርም ነበር፣ ያሳዝናል)። ስለዚህ መጀመሪያ የስህተቱን ቁጥር ማየት፣ ከዚያ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

እናንተ ጋ የትኛው ቁጥር ነው የሚመጣው? ኮሜንት ላይ ጻፉት።